ሻምበል ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስና የጀርመኑ እረኛ ውሻ

የሰው ልጅ ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ያላመደው ውሻን መሆኑን የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ይስማሙበታል። ውሻ በመንጋ ጠባቂነት፣ በአዳኝነትና በቤት ዘብነት ሰውን ያገለገለው ለብዙ ሺሕ ዓመታት ነው። ነገር ግን የውሻ ርባታ በመዝገብ የሚሰፍር፣ በመስፈርት የሚለካና ተጠያቂ ያለው ሥራ መሆን የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህን ሥራ ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች መካከል ጀርመናዊው የፈረሰኛ ጦር መኰንን ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሽቴፋኒትስ ታኅሣሥ 30 ቀን 1864 በድሬዝደን ከተማ ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ በፈረሰኛነት አገለገለ። ለወደፊቱ ሥራው መሠረት የሆነው ግን በበርሊን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተመድቦ የቆየበት ጊዜ ነው። በዚያ ስለ አጥንትና ስለ ጡንቻ አሠራር፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ዘር ውርስ የቀሰመውን ዕውቀት ኋላ በውሻ ላይ አዋለው። በ1898 የሻምበልነት ማዕርግ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ በባቫርያ ግዛት በግራፍራት አቅራቢያ በነበረው ርስቱ ላይ ተቀመጠ።

በዚያ ዘመን በጀርመን የእረኛ ውሻ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ወጥ የሆነ ዝርያ ግን አልነበረም። እያንዳንዱ አውራጃ ለመልክዓ ምድሩና ለበጎቹ የሚስማማውን ውሻ ያረባ ስለ ነበር፣ ቁመቱም፣ የጠጉሩ ዓይነትም፣ የጆሮው አቋቋምም ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። እረኛው ውሻውን የሚመዝነው በሥራው ነበር። በሌላ በኩል ኢንዱስትሪ እየተስፋፋ፣ የግጦሽ መሬት እየጠበበ በመሄዱ የበግ ርባታው መቀነስ ጀመረ፤ ውሻውም ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይጠፋ የሚያሠጋ ሁኔታ ተፈጠረ። በ1891 ፊላክስ የተባለ ማኅበር እነዚህን ውሾች አንድ መልክ ለማስያዝ ተቋቁሞ ነበር። ይሁን እንጂ አባላቱ መልክ ይቅደም ወይስ ሥራ በሚለው ጥያቄ ስለ ተከፋፈሉ ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ሽቴፋኒትስ ከዚህ ውድቀት የወሰደው ትምህርት፣ የጋራ መስፈርትና መስፈርቱን የሚያስከብር አካል ሳይኖር ርባታው ግቡን ሊመታ እንደማይችል ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1899 ከወዳጁ ከአርቱር ማየር ጋር በካርልስሩኸ የተደረገውን የውሾች ትርኢት ሲጎበኝ ሔክቶር ሊንክስራይን የተባለ ውሻ አየ። የውሻው ሰውነት ጠንካራ፣ አስተዋይነቱ የጎላ፣ የእረኝነት ተፈጥሮውም ያልደበዘዘ ነበር። ሽቴፋኒትስ ወዲያው ገዝቶ ሆራንት ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው። በዚያው ወር በ22 ቀን የጀርመን እረኛ ውሻ ማኅበር ሲመሠረት እርሱ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ሆራንትም በዘር መዝገቡ የመጀመሪያውን ቁጥር ያዘ።

የማኅበሩ ዋና ሐሳብ የውሻ ውበት ከጠቃሚነቱ የሚመነጭ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ በመስፈርቱ ውስጥ የትከሻው አቀማመጥ፣ የጀርባው ጽናትና የኋላ እግሩ ኃይል የተወሰኑት ለዓይን ደስ እንዲሉ ሳይሆን ውሻው ሳይደክም ቀኑን ሙሉ መንጋ ተከትሎ እንዲሮጥ ነው። እያንዳንዱ ውሻ ከእናትና ከአባቱ ስም ጋር ይመዘገብ ነበር። መዝገቡ ከአንድ ጥንድ ውሾች የተገኘው ልጅ ምን እንደሆነ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ጉድለት ሲታይ ከየት እንደመጣ ለመከታተል አስቻለ። ሽቴፋኒትስ ይህን ዕውቀት አጠቃሎ ስለ እረኛው ውሻ የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የአርቢዎች መመሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ቁጥጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በየአውራጃው የርባታ ተቆጣጣሪዎች ተሾመው፣ የትኛዋ ሴት ውሻ በየትኛው ወንድ እንደምትጠቃ ይመክሩ፣ አራሷንና ቡችሎቿንም እየተዘዋወሩ ይመረምሩ ነበር። አንዲት እናት ልታሳድግ የምትችለው ቡችላ በጡቷና በጉልበቷ ልክ መሆን አለበት ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ትርፍ የሆኑት ለሌላ አጥቢ ውሻ ይሰጡ ነበር። ይህ ካልተቻለ በጊዜው ልማድ ደካማ የመሰሉት ይገደሉ ነበር። ይህ ጭካኔ በዛሬ ዘመን ተቀባይነት የለውም፤ አርቢው በጡጦ እያጠባም ቢሆን የተወለደውን ሁሉ የማሳደግ ግዴታ አለበት። ከልማዱ በስተጀርባ የነበረው ቁም ነገር ግን እውነት ነው፤ እናቲቱ ከምትችለው በላይ ስትሸከም አራሷም ቡችሎቹም ይጎዳሉ።

ሳይንስ ከዚያ ወዲህ የደረሰበት ዕውቀት ይህን ያብራራል። አዲስ የተወለደ ቡችላ ዓይኑና ጆሮው የተዘጋ ሲሆን በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ የሰውነቱ ሙቀትም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ስለዚህ የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሞቅና ከነፋስ መጠበቅ አለበት። የበረደው ቡችላ የመጥባት ኃይል ያጣል፤ ጨጓራውና አንጀቱም ወተት መፍጨት ስለሚያቆሙ ሳይሞቅ በግድ ማጥባት ለሞት ያደርሰዋል። በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል በአብዛኛው የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። አንጀቱ ይህን ኃይል ወደ ደም የሚያሳልፈው ግን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ሲሆን፣ ከ24 ሰዓት በኋላ በሩ ይዘጋል። ጠንቃቃ አርቢ ቡችሎቹን በየቀኑ ይመዝናል፤ ጤነኛ ቡችላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የልደት ክብደቱን እጥፍ ያደርሳል፤ ክብደቱ መጨመር ያቆመ ደግሞ ሌላ ምልክት ሳይታይበት በፊት ሊረዳ ይገባዋል። ወስፋት ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ስለሚተላለፍ መድኃኒቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል። ክትባትም ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል፤ ምክንያቱም ከእንገር የተገኘው ኃይል በደሙ እስካለ ድረስ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። በሽቴፋኒትስ ዘመን እነዚህ መሣሪያዎች አልነበሩም፤ ቡችሎችን በብዛት የሚፈጀው የዲስቴምፐር በሽታ ክትባት የተሠራው በ1920ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ነው።

ሽቴፋኒትስ የሥራውን ውጤት እያየ ሥራውን ማረም የሚያውቅ ሰው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ውሾቹ ቁመታቸው እየበዛ፣ ጥርሳቸውና ጠባያቸው እየተበላሸ መሄዱን ተመለከተ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለርባታ የሚፈለግ ውሻ ሁሉ ተመርምሮ የሚመረጥበትን ሥርዓት አቋቋመ። በ1925 በተደረገው ትልቅ ትርኢት ደግሞ በጊዜው ሲደነቅ የነበረውን ረጅም ዓይነት ትቶ፣ ዝቅ ያለና ረዘም ያለ ሰውነት ያለውን ክሎዶ ፎም ቦክስበርግን ለአንደኛነት መረጠ። ከዚያ በኋላ የዝርያው አቅጣጫ ተለወጠ።

የበግ መንጋው ሲቀንስ ለውሻው አዲስ ሥራ የፈለገለትም እርሱ ነው። ፖሊስና ሠራዊት እንዲሞክሩት ወተወተ፤ በጦርነቱ ጊዜ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ውሾች መልእክት በማድረስና ቁስለኛ በመፈለግ አገለገሉ። በ1916 በኦልደንቡርግ ከተማ በጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን የሚመሩ ውሾች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1929 በአሜሪካ ለተቋቋመው ተመሳሳይ ድርጅት መነሻ የሆኑትም የጀርመን እረኛ ውሾች ነበሩ።

በሥራው ላይ የሚነሣው ነቀፋ ቀላል አይደለም። ዝርያውን ቶሎ አንድ መልክ ለማስያዝ ሥጋ ዘመዳሞች የሆኑ ውሾችን እርስ በርሳቸው ስላዳቀለ፣ የዝርያው የዘር ሐረግ በሆራንት ደም ላይ ጠበበ። እንዲህ ያለው አሠራር መልካሙን ባሕርይ ሲያጸና የተሰወረውንም ጉድለት ያባዛል፤ በዓይን ምርመራ የማይታየው የዳሌ መገጣጠሚያ ብልሽትም ዝርያውን እስከ ዛሬ ከሚያሠቃዩት ሕመሞች አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ስለ ውሻ ዘር ያወጣውን ሐሳብ ወደ ሰው ልጅ በማዛመት በመጽሐፉ ውስጥ በአይሁድ ላይ የንቀት ቃል ማስፈሩ ስሙን የሚያጎድፍ ነው።

የዘረኝነት መንግሥት በጀርመን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ማኅበሩ ራሱ ከእጁ ወጣ። የናዚ ሹማምንት በማኅበሩ ሥራ ጣልቃ እየገቡ ስላስጨነቁት ለ36 ዓመታት የመራውን ድርጅት በ1935 ለቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀን፣ ማኅበሩ በተመሠረተበት ዕለት በ37ኛው ዓመት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ማኅበሩ በ1960ዎቹ ለርባታ የሚመረጡ ውሾች ዳሌ በራጅ እንዲመረመር አድርጓል፤ ዛሬም አንዳንድ የዘር በሽታዎች በደም ናሙና ይለያሉ። ሆራንትን በአንደኛ ቁጥር የጀመረው መዝገብ ባይኖር ኖሮ ለዚህ ምርመራ ውጤት መከታተያ መንገድ አይገኝም ነበር። ሽቴፋኒትስ ያላየው ጉድለት ሊታወቅ የቻለው ራሱ ባስጀመረው መዝገብ አማካይነት ነው። ለርባታ ሁለት ውሾችን የሚያጣምር ሰው የወላጆቹን ጤና አስቀድሞ ማስመርመር፣ አራሷን ከጉዳት መጠበቅና ቡችሎቹ ጡት እስኪተዉ ለሚደርስባቸው ሁሉ ተጠያቂ መሆን የሚገባው፣ የተሳሳተ ውሳኔ ዋጋ በመጀመሪያ የሚከፈለው ዓይኑን ባልገለጠው ቡችላ ስለ ሆነ ነው።