ማዳም ኩሪና ራዲየም

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው ባሉ የቡና ቀበሌዎች የምትኖሩ ተማሪዎች፣ ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ሰው ሳታውቁ አትቀሩም። እንዲህ ያለው ሰው አጥንቱ መሰበሩ ሲጠረጠር ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ራጅ ይነሣል። ምናልባት ከእናንተም መካከል ራጅ የተነሣ ይኖር ይሆናል። የተነሣ ካለ አንድ ነገር ልብ ሳይል አልቀረም፤ ባለሙያው በሽተኛውን አስተኝቶ መሣሪያውን ካስተካከለ በኋላ፣ በሽተኛውን ብቻውን ትቶ ከግድግዳ ጀርባ ይሰወራል። በክፍሉ ውስጥ ግን የሚያስፈራ ነገር አይታይም። እሳት የለም፤ ጭስ የለም፤ ሽታም የለም። በሽተኛውም ምንም ሕመም አይሰማውም። ታዲያ ባለሙያው የሚሸሸው ከምንድን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በብዙ ሰዎች ጤንነትና ሕይወት ነው። ከእነዚህም ሰዎች መካከል ስሟ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ማዳም ኩሪ ናት።

ማዳም ኩሪ የተወለደችው በኖቬምበር 7 ቀን 1867 በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ነው። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።) ወላጆቿ ያወጡላት ስም ማሪያ ሲሆን የቤተ ሰቧ ስም ስክዎዶቭስካ ነበር። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር፣ እናቷም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዋርሶ በሩስያ ነገሥታት አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ የፖላንድ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው መማር እንደ ወንጀል ይቆጠርባቸው ነበር። ማሪያ ገና በሕፃንነቷ ታላቅ እኅቷን ተስቦ ነጠቃት፤ ዐሥር ዓመት ሲሆናት ደግሞ እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችባት። ይህ ሁሉ ሐዘን ከትምህርቷ አላናጠባትም። በ1883 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የወርቅ ሜዳልያ ተሸልማ ፈጸመች።

ይሁን እንጂ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር። ወደ ፓሪስ ሄዶ ለመማር ደግሞ የአባቷ ደመወዝ የሚበቃ አልሆነም። በዚህ ጊዜ ማሪያና ታላቅ እኅቷ ብሮንያ የእኛን ዕቁብ የሚመስል ስምምነት አደረጉ። መጀመሪያ ብሮንያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማራለች፤ ማሪያ በሀብታሞች ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ገንዘብ ትልክላታለች፤ ብሮንያ ትምህርቷን ስትጨርስ ተራው የማሪያ ይሆናል። ማሪያ ዕጣዋ እስኪደርስ ድረስ ዓመታት ጠበቀች። በ1891 በሃያ አራት ዓመቷ ፓሪስ ደርሳ በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበች። ከጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እየኖረች፣ በክረምት ብርድ እየተንቀጠቀጠች፣ አንዳንድ ቀንም በዳቦና በሻይ ብቻ እየዋለች ተማረች። በ1893 በፊዚክስ፣ በ1894 ደግሞ በሒሳብ ዲግሪዋን አገኘች። በ1895 ፒየር ኩሪ የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ አገባች። ከዚህ በኋላ ነው ማሪ ኩሪ፣ በእኛም ዘንድ ማዳም ኩሪ የተባለችው።

በዚያው በ1895 ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን በሥጋ ውስጥ አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ። ዛሬ ራጅ የምንለው ይህንኑ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጨረሮች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፈረንሳዊው ቤክረል፣ ዩራንየም የተባለው ማዕድን ማንም ሳይነካው፣ እሳትም ሳይነድበት፣ ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ተገነዘበ። ማዳም ኩሪ ለዶክትሬት ጥናቷ የመረጠችው ይህን ጉዳይ ነበር። ዩራንየም የሚወጣበትን ጥቁር ድንጋይ ስትመረምር ጨረሩ ከዩራንየሙ ራሱ ይልቅ የበረታ ሆኖ አገኘችው። እንግዲህ በድንጋዩ ውስጥ ገና ያልታወቀ ሌላ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ፒየርም የራሱን ሥራ ትቶ አገዛት። በ1898 በሐምሌ ወር አንድ አዲስ ንጥረ ነገር አገኙና በትውልድ አገሯ ስም ፖሎንየም አሉት። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ራዲየምን አገኙ።

ማግኘታቸውን ሌሎች ሊቃውንት እንዲያምኑ ግን ራዲየሙን ለይቶ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ሥራ የተሰጣቸው ቦታ ጣራው የሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ነው። ከቦሔምያ የማዕድን ማውጫ የተጣለው የድንጋይ ዝቃጭ በጆንያ በጆንያ እየሆነ በብዙ ቶን መጣላቸው። ማዳም ኩሪ ቁመቷን በሚያህል ብረት ትልልቅ ጋኖችን ስታማስል ትውል ነበር። በማሳችሁ የቡና ለቀማ የሠራችሁ፣ ከእሸት እስከ ንጹሕ ፍሬ ያለውን ድካም ታውቁታላችሁ፤ እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ፣ ተለቅሞ ሲያበቃ የሚተርፈው ከተለቀመው እጅግ ያነሰ ነው። የማዳም ኩሪ ትርፍ ግን ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ያን ሁሉ ቶን ድንጋይ አፍልታና አጣርታ፣ ከአራት ዓመት ገደማ ድካም በኋላ በ1902 በእጇ የገባው የራዲየም ጨው አንድ ዐሥረኛ ግራም ነበር። ይህም የአንዲት ፍሬ ቡናን ክብደት እንኳ አይሞላም።

ይህች ጥቂት ጨው በጨለማ ታበራ ነበር። ባልና ሚስቱ ከራት በኋላ ወደ መጋዘኑ ተመልሰው፣ መብራት ሳያበሩ፣ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ብልቃጦች በደብዛዛ ብርሃን ሲያበሩ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ያ ብርሃን የድካማቸው ዋጋ ስለሆነ መደሰታቸው አያስደንቅም። ከአልጋቸውም አጠገብ ያኖሩበት ጊዜ ነበር።

የጉዳቱ ምልክት ግን ወዲያው መታየት ጀምሮ ነበር። ቤክረል ራዲየም ያለበትን ብልቃጥ በሰደርያው ኪስ ይዞ ሲዞር ሰንብቶ፣ በኪሱ ትክክል ያለው ቆዳው ተቃጠለ። ፒየርም ነገሩን ለማረጋገጥ ሲል ራዲየሙን በገዛ ክንዱ ላይ ለሰዓታት አስሮ አቆየው። ሲያስረው ምንም አልተሰማውም። ቆይቶ ግን ቆዳው ቀላ፤ ከዚያም ቆሰለ፤ ቁስሉም ለመዳን ከወር በላይ ወሰደበት። የማዳም ኩሪ የጣቶቿ ጫፎች ደድረው ይላጡ ጀመር። ሁለቱም ምክንያቱ ባልታወቀ ድካም ይሠቃዩ ነበር። ከዚሁ ጉዳት ግን አንድ ታላቅ ጥቅም ወጣ። ሐኪሞች ጤነኛ ሥጋን የሚያቃጥል ጨረር የታመመውንም ሊያጠፋ እንደሚችል አስተውለው፣ ካንሰርን በራዲየም ማከም ጀመሩ። ባልና ሚስቱ ራዲየም የሚለይበትን ዘዴ በስማቸው አስመዝግበው ሊከብሩበት ሲችሉ፣ ለሁሉ በነፃ ሰጡት።

የክብሩን ታሪክ ባጭሩ እንለፈው። በ1903 ከባሏና ከቤክረል ጋር የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀበለች። በ1906 ፒየር በፓሪስ መንገድ ላይ የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ፤ እርስዋም የእርሱን ወንበር ወርሳ በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1911 የኬሚስትሪው የኖቤል ሽልማት ለብቻዋ ተሰጣት።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ማዳም ኩሪ የራጅ መሣሪያ በመኪና ላይ አስጭና ወደ ጦር ግንባር ዘመተች። መኪና መንዳት ተምራ ራሷ ትነዳ ነበር። ሃያ የሚሆኑ መኪናዎችንና ሁለት መቶ ያህል የራጅ ጣቢያዎችን አደራጅታ፣ በጥይትና በፍንጣሪ የቆሰሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደሮች እንዲመረመሩ አድርጋለች። ኢሬን የተባለችው ልጇም ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ማለትም ከብዙዎቻችሁ ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ዕድሜ፣ በዚህ ሥራ ረዳቻት። እናትም ልጅም ቀኑን ሙሉ በራጁ አጠገብ ሲቆሙ በቂ መከላከያ አልነበራቸውም።

ከጦርነቱ በኋላ ራዲየም የገበያ ዕቃ ሆነ። ለጤና ይበጃል እየተባለ በመጠጥና በፊት ቅባት ተቀላቅሎ ተሸጠ። በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ባለ አንድ ፋብሪካ፣ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የራዲየም ቀለም የሰዓት ቁጥሮችን ይቀቡ ነበር። የብሩሹ ጫፍ እንዲሾል በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲሠሩ ተነገራቸው። ቀለሙ ጉዳት እንደሌለው ስለተነገራቸውም አንዳንዶቹ ለጨዋታ ጥፍራቸውን ይቀቡት ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ጥርሳቸው ይረግፍ፣ የመንጋጋቸው አጥንት ይበሰብስ ጀመር። ራዲየም በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል፣ ሰውነት አሳስቶት በአጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ እዚያም ሆኖ ጨረሩን ያለ ማቋረጥ ያወጣል። ከሠራተኞቹ አያሌዎች ሞቱ። አምስቱ ታመው ሳሉ ኩባንያውን ከሰሱ፤ በ1928ም ካሣ ተወሰነላቸው።

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግራቸው፣ ማዳም ኩሪ ይህን ሁሉ እያየች ለምን አላቆመችም እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው፣ ሰው ዕድሜውን የሰጠለት ነገር ጠላቱ መሆኑን ማመን ይከብደዋል። እርስዋም ለረጅም ጊዜ ድካሙን የሥራ ብዛትና የንጹሕ አየር እጦት ያመጣው ነው ትል ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በቤተ ሙከራዋ የሚሠሩት ሁሉ ራዲየሙን በመቆንጠጫ እንዲይዙ፣ በእርሳስ ግርዶሽ እንዲከለሉ፣ ደማቸውንም በየጊዜው እንዲመረመሩ ታዝ ነበር። ደንቡን ለራሷ ግን አልጠበቀችውም። ይህን ጉድለቷን ለመሸፈን የሚሞክሩ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን አስፈላጊነቱ አይታየኝም።

ዓይኖቿን ሞራ ሸፈናቸው፤ ደጋግማ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ሕመሟንም ከባልንጀሮቿ ትደብቅ ነበር። በ1934 ትኩሳት አላስነሣ ስላላት በፈረንሳይ ተራሮች ወደሚገኝ የሕመምተኞች ማረፊያ ተወሰደች። ሐኪሞች መጀመሪያ የሳንባ በሽታ መስሏቸው ነበር። በሽታው ግን ሌላ ነበር። ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው፤ የመቅኔ ሕዋሳት ቶሎ ቶሎ የሚራቡ በመሆናቸው ጨረር ከሌሎች ይልቅ ያጠቃቸዋል። የማዳም ኩሪ መቅኔ ደም መሥራት ተስኖት ነበር። በጁላይ 4 ቀን 1934 በስድሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች። ልጇ ኢሬንም በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ጨረርን የሚመለከት ደንብ በየአገሩ ወጥቷል። ደንቡ በተዘነጋበት ቦታ ግን ያው ብርሃን እንደገና ሰውን አታልሏል። በቡናዋ በምናውቃት በብራዚል፣ ጎያንያ በተባለች ከተማ፣ በ1987 ሁለት ሰዎች ከተተወ የሕክምና ቤት አንድ የጨረር መሣሪያ ነቅለው ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ ሲዝየም የተባለ፣ ክብደቱ መቶ ግራም የማይሞላ ዱቄት ነበር። ነጋዴው ዱቄቱ በሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ አይቶ ተደነቀ፤ ዘመድ ጎረቤቱንም ጠርቶ አሳየ፤ ቆንጥሮም አካፈለ። አንዳንዶቹ ሰውነታቸውን ተቀቡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው፤ ቆዳቸው ቆሰለ፤ ጠጉራቸው ረገፈ። ከመቶ ዐሥራ ሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው 249 ሰዎች ዱቄቱ ነክቷቸው ተገኘ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዷ ዱቄቱ በነካው እጇ ምግብ የበላች የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ይኸው ጨረር በአግባቡ ሲያዝ ግን ያድናል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ የተቋቋመው የካንሰር የጨረር ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ስለነበረ፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የተነሡ ሕመምተኞች ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እዚያ ተራ ይጠብቁ ነበር።

በ1995 የማዳም ኩሪ አፅም የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንተዮን ሲዛወር፣ ባለሙያዎች አስቀድመው በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ጨረር ለኩ። ያገኙት ራዲየም ከጠበቁት ያነሰ ነበር። ስለዚህም ሕይወቷን ያሳጠረው ከራዲየሙ ይልቅ በጦርነቱ ጊዜ የተጋለጠችበት ራጅ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ።

እንግዲህ በራጅ ክፍል ውስጥ ወደተኛው በሽተኛ እንመለስ። እርሱን የሚነካው ጨረር ጥቂትና የአንድ አፍታ ነው፤ ጥቅሙም ከጉዳቱ ይበልጣል። ባለሙያው ግን ዛሬ ለብዙ በሽተኞች፣ ነገም ለሌሎች፣ እንዲሁ ሲል ለዓመታት እዚያው ይቆማል፤ ጨረሩም እንደ ማዳም ኩሪ ጥቂት በጥቂት ያገኘዋል። ከግድግዳው ጀርባ የሚሰወረው ስለዚህ ነው። በደረቱ ላይ ትንሽ መለያ የምትመስል ነገር ሰክቶ ብታዩ፣ ያገኘው የጨረር መጠን የሚለካባት መሣሪያ ናት። ማዳም ኩሪ በጦር ግንባር ስትሠራ እንዲህ ያለ መለኪያ አልነበራትም።