ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፦ ዐዋጅና የግል ጸሎት ከቦሩ ሜዳ እስከ መተማ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) አብዛኛውን ጊዜ የሚጠኑት በጦር ሜዳ ድሎቻቸውና በመተማው ሞታቸው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከጸሎት አንጻር ይመለከታል። መከራከሪያውም፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሕዝባቸውን አምልኮ በዐዋጅ ለመወሰን ያደረጉት ጥረት፣ እርሳቸው ራሳቸው ከያዙት የግል ጸሎት ባሕርይ ጋር ይጋጭ ነበር የሚል ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጸሎተኛው ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ በሥላሴ ስም አማትቦ ይጀምራል። አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማል፤ መዝሙረ ዳዊትንና ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያምን ያደርሳል። ልመናው የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ነው፤ እመቤታችን፣ መላእክትና ቅዱሳን ደግሞ ያማልዳሉ። ስለዚህ የጸሎቱ ቃል ከአበው የተወረሰ የጋራ ሀብት ሲሆን፣ በቃሉ የሚሸከመው ንስሐና ጭንቀት ግን በጸሎተኛውና በፈጣሪው መካከል ይቀራል።

በተምቤን የተወለዱት ካሳ ምርጫ፣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዮሐንስ ተባሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ዳግመኛ አላገቡም፤ በትሕርምትና በጸሎት ጽናታቸውም ታወቁ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ፣ ከምርኮው ሀብት ከፍለው በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ገዳምን ማሠራት ጀመሩ፤ ሥራውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። የጦርነቱ ትርፍ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የጸሎት ስፍራ ሆነ።

የግል እምነታቸው መንግሥታዊ ሕግ የሆነው በግንቦት 1870 ዓ.ም. በተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነብቦ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ ተዋሕዶም ጸና። ክርክሩ የክርስቶስን ማንነት የሚመለከት በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ምእመን በጸሎቱ የሚጠራውን አምላክ እንዴት እንደሚረዳ ጭምር የሚነካ ነበር። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ። ሌሎች ግን ዐመፁ፤ ብዙዎች ተሰደዱ። ቀን በቤተ ክርስቲያን ታይተው ሌሊት በቤታቸው የሚሰግዱም ነበሩ። ዐዋጁ ሰውነትን ወደ ጥምቀት ባሕር ሊያመጣ ቢችልም፣ ልብ ጸሎቱን ወዴት እንደሚያቀና መወሰን አልቻለም።

መተማ በበኩሏ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ የተክሩር ሰፋሪዎች የኖሩባት፣ የደጋው ክርስቲያንና የቆላው ሙስሊም የሚገበያዩባት ከተማ ነበረች። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ በምሥራቅ ጣሊያን፣ በደቡብ የምኒልክ ጉዳይ እያሳሰባቸው ወደ መተማ መዝመትን መረጡ። ይህን ምርጫ በፖለቲካ ስሌት ብቻ መተርጎም ያስቸግራል፤ የተቃጠሉት የጸሎት ቤቶች ነበሩና። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ሠራዊታቸው ወደ ድል ሲቃረብ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። መንገሻን ወራሽ ብለው ቢሰይሙም ሠራዊቱ ተበተነ፤ አስከሬናቸውም በደርቡሾች እጅ ወድቆ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ከሞታቸው በኋላ በምኒልክ ዘመን ግዳጁ ላላ፤ በስም የተጠመቁ ብዙዎችም ወደ እስልምናቸው በግልጽ ተመለሱ። በአንጻሩ የደብረ ገነት ደጅ እስከ ዛሬ ለጸሎተኛ ክፍት ነው። ከዮሐንስ ሃይማኖታዊ ሥራ በዐዋጅ የቆመው ከእርሳቸው ጋር ሲያልፍ፣ ሰው በፈቃዱ ገብቶ እንዲጸልይበት ያሠሩት ግን ጸንቷል። የዘመኑን የሃይማኖት ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ እነዚህን ሁለት ውርሶች ለይቶ ሊመዝናቸው ይገባል።