ኦሌ ኤቪንሩድ፤ የጀልባ ሞተርና የፕሮፔለር ምርጫ

ከካምባ ደጋ ቁልቁል ወርዶ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ ከከተማው አፋፍ ላይ ሆኖ ቢመለከት፣ በአንድ ወገን አፈር የተቀላቀለበትን ቀላ ያለ የአባያን ውሃ፣ በሌላው ወገን የጫሞን ሐይቅ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለውን የምድር ጀርባ ያያል። በነዚህ ሐይቆች ላይ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው፣ በውሃ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት የታሠረ፣ በመቅዘፊያ የሚነዳ ታንኳ ነው። በኋላ ግን ጎብኚዎችን በጫሞ ላይ የአዞ ገበያ ወደተባለው ስፍራ የሚያደርሱ፣ ከኋላ ሳንቃቸው ላይ ትንሽ ሞተር የተንጠለጠለባቸው ጀልባዎች መጡ። ይህን ዓይነቱን ሞተር ለዓለም ገበያ ያበቁት ኦሌ ኤቪንሩድ የተባሉ መካኒክ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቪንሩድ በ1877 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ካምብሪጅ በተባለች አነስተኛ ከተማ አጠገብ፣ ሪፕሊ ከሚባለው ሐይቅ ዳር በእርሻ ሥራ ተቀመጠ። የአባትየው ምኞት ወራሽ ገበሬ ማፍራት ነበር፤ የልጁ ልብ ግን በመጋዝና በመዶሻ፣ በውሃና በጀልባ ላይ አደረ። ኦሌ በስውር የሠሯቸውን የመጀመሪያ የጀልባ ሙከራዎች አባታቸው አግኝተው ለእሳት እንደማገዷቸው ይነገራል። እርሳቸው ግን እንደገና ሠሩ፤ ሸራ የተወጠረበት ጀልባቸውም በመጨረሻ በሪፕሊ ሐይቅ ላይ ተንሳፈፈ። ከዚህ በኋላ የአባት ቁጣ በረደ።

የመደበኛ ትምህርታቸው ከጥቂት ክፍል አላለፈም። በ16 ዓመታቸው ወደ ማዲሰን ከተማ ሄደው በእርሻ መሣሪያ ጥገና ሥራ ተቀጠሩ፤ ማታ ማታም የምሕንድስና መጻሕፍት እያነበቡ ራሳቸውን አስተማሩ። ቀጥሎም በፒትስበርግና በቺካጎ ፋብሪካዎች ሠርተው ብረት ማቅለጥንና መሞረድን፣ የሞተር ሥራንም ከሥሩ ተማሩ። በሚልዋኪ ከተማ ሲቀመጡ የያዙት ሙያ ለብረት ማፍሰሻ የሚያገለግለውን የእንጨት ሞዴል መቅረጽ ነበር። ይህ ሙያ ከኋላ ታሪካቸው ጋር ያለው ዝምድና ቀላል አይደለም። ፕሮፔለር ማለት ጠምዛዛ ገጽ ያለው፣ በእንጨት ሞዴል በአሸዋ ላይ ታትሞ ነሐስ የሚፈስበት ዕቃ ነበርና፣ የጠመዝማዛነቱ ልክ ሚሊሜትር ሲዛነፍ የሚያስከትለውን ጉዳት ሞዴል ሠሪ ከሌላው ሰው ቀድሞ ያውቃል።

በ1900 ዓ.ም. ከአንድ ባልደረባ ጋር አነስተኛ የሞተር ድርጅት አቋቋሙ። ሥራው ግን አልጸናም፤ ከዚያ በኋላ የተሞከሩት ሽርክናዎችም አንዱ በሌላው ላይ ፈረሱ። እጃቸው ብልህ፣ የገበያ ነገር ግን የማይሆንላቸው ሰው እንደነበሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህን ጉድለት የሞላችላቸው ቤስ ኬሪ የተባለች፣ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ የምታጠና ወጣት ነበረች። በ1906 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በዓመቱም ራልፍ የተባለ ልጅ ወለዱ።

ታዋቂው የአይስክሬም ታሪክ የሚነገረው ከዚህ ዘመን ጋር ተያይዞ ነው። በአንድ እጅግ ሞቃት የበጋ ቀን ከወዳጆቻቸው ጋር በኦካውቺ ሐይቅ ላይ ለሽርሽር ሄደው ሳለ ቤስ አይስክሬም አማራት። ኦሌ በመቅዘፊያ ወደ ማዶው ዳርቻ ተሻግረው፣ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቀዝፈው ቢመለሱ አይስክሬሙ ቀልጦ ደረሰ። ታሪኩ በአፈ ታሪክ ተቀባብሎ የመጣ ስለሆነ ጥቂት ጌጥ ሳይታከልበት አልቀረም፤ ይሁንና ያነሣው ችግር እውነተኛ ነው። የሰው ክንድ ከነፋስና ከርቀት ጋር ሲታገል ይደክማል፤ በዘመኑ ለጀልባ የሚሠራው ሞተር ደግሞ ከጀልባው ወለል ጋር ተጣብቆ የሚቀር ከባድ ዕቃ ነበር።

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተርን በማሰብ ኤቪንሩድ የመጀመሪያው ሰው አይደሉም። ካሜሮን ዋተርማን የተባለ አሜሪካዊ ከእርሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሞተር ሠርቶ መሸጥ ጀምሮ ነበር። የኤቪንሩድ ብልጫ ሞተሩን ተራ ሰው አንሥቶ የሚሰቅለው፣ የሚጸና ዕቃ አድርገው ማውጣታቸው ላይ ነው። የሙከራው ሞተር በቤታቸው ሲታይ ቤስ ከቡና መፍጫ ጋር እንዳመሳሰለችው ይነገራል። በ1909 ዓ.ም. ግን በተከራዩት የቀዘፋ ጀልባ ላይ ሰቅለው በሚልዋኪ በኪኒኪኒክ ወንዝ ሞከሩት፤ ሠራም። አንድ ሲሊንደር ያለው፣ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ፣ 62 ፓውንድ ማለትም 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነበር፤ ዋጋውም 62 ዶላር ሆነ። አንድ ወዳጃቸው ተውሶት ሄዶ የአሥር ሞተር ትዕዛዝ ይዞ ተመለሰ።

ሞተሩ ከላይ፣ ፕሮፔለሩ ከታች ሆኖ በመካከላቸው ቀጥ ያለ ዘንግ ይወርዳል፤ በግርጌውም ሁለት ሾጣጣ ጥርሶች ዙሩን ወደ አግድም ይመልሱታል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የጠቅላላው ሥራ ፍጻሜ ግን በመጨረሻው ዕቃ፣ በፕሮፔለሩ ላይ ይወድቃል።

ፕሮፔለር በሁለት ቁጥሮች ይታወቃል። አንደኛው ስፋቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር ውሃውን እንደ ብሎን ቢበሳ የሚራመደው ርቀት፣ በባለሙያ አፍ ፒች የሚባለው ነው። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 5000 ጊዜ የሚዞር፣ የግርጌው ጥርስም ዙሩን በግማሽ የሚቀንስ ቢሆን ፕሮፔለሩ 2500 ጊዜ ይዞራል። ፒቹ 10 ኢንች ከሆነ በደቂቃ 635 ሜትር፣ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነበረበት። ውሃ ግን እንደ እንጨት አጥብቆ አይዝም፤ ፕሮፔለሩ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ከመቶ 20 ቢሆን ጀልባው የሚሄደው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ የጥፋት ምልክት አይደለም፤ ያለ መንሸራተት ግፊት የለምና። በዚህ ረገድ በ1837 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ ሲሞክሩት የነበረው ረጅም የእንጨት ጠመዝማዛ በውሃ ውስጥ ግማሹ ተሰብሮ ሲወድቅ፣ ጀልባው በመዘግየት ፈንታ ፍጥነቱን እንደጨመረ የሚተረከው ታሪክ ለመሐንዲሶች ሁልጊዜ የሚያስገርም ነው።

ምርጫው የሚፈተነው በአንድ መንገድ ነው። ጀልባው የዘወትር ጭነቱን ይዞ ቤንዚኑ በሙሉ ሲከፈት፣ የሞተሩ ዙር አምራቹ በመመሪያው ባሰፈረው ወሰን ውስጥ መግባት አለበት። ፒቹ ከበዛ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያቃስታል፤ ዙሩ ከወሰኑ በታች ይቀራል፣ ይግላል፣ ጥቀርሻ ይይዛል፣ በመጨረሻም ፒስተኑን ይበላል። ፒቹ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ያለ ልክ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን አይራመድም። በልምድ አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ባዶ ጀልባ ላይ ተፈትኖ የተመረጠ ፕሮፔለር አሥር ሰው ሲሳፈር የሚያሳፍረው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ሐይቆች ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። መመሪያዎቹ በአብዛኛው የተጻፉት በባሕር ወለል አጠገብ ለሚሠራ ሞተር ነው። የጫሞ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ያጣል፤ እንግዲህ በጫሞ ላይ ከመቶ 11 ገደማ፣ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጣና ላይ ደግሞ ከመቶ 18 ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ከውጭ አገር ከነሞተሩ የመጣው ፕሮፔለር ለጠፋው ጉልበት ይከብዳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፒች መፈለግ ግድ ነው። ጉማሬና አዞ በሚኖሩበት ውሃ ላይ፣ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲያይል ሰው የጫነ ጀልባን መልሶ ወደ ዳር የሚያደርሰው የሞተሩ ስም ሳይሆን ይህ ልክ ነው።

ወደ ኤቪንሩድ ሕይወት ስንመለስ፣ ንግዱ በፍጥነት ሰፋ። ማስታወቂያውን የምትጽፈው፣ ደብዳቤውንና ሂሳቡን የምትይዘው ቤስ ነበረች፤ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን ጥለው ሞተር እንዲገዙ የጠራው ማስታወቂያዋ በመላ አሜሪካ ታወቀ፤ ሞተሩም እስከ ስካንዲኔቪያ ዓሣ አጥማጆች ድረስ ተሸጠ። ክሪስ ሜየር የተባሉ ባለገንዘብም በሽርክና ገቡ። ነገር ግን የሥራው ብዛት የቤስን ጤና ጎዳው። ኦሌ በምርጫ መካከል ቆሙ፤ ሳያመነቱም ከሚስታቸው ጋር ሆኑ። ድርሻቸውን ለሜየር ሸጠው፣ ለአምስት ዓመት የጀልባ ሞተር ላለመሥራት ተዋውለው ከቤተሰባቸው ጋር በአገር ውስጥ ለመዘዋወር ወጡ። የገዛ ስማቸው የተጻፈበት ሞተር በሌላ ሰው እጅ ቀረ።

የውሉ ዘመን ሲያበቃ አዲስ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። አብዛኛው ክፍሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ሦስት የፈረስ ጉልበት እያወጣ 48 ፓውንድ ማለትም 22 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን ሞተር ነበር። ጉልበቱ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ቀነሰ። በመጀመሪያ ያቀረቡት ለሜየር ቢሆን እርሳቸው አልተቀበሉትም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ በ1921 ዓ.ም. ኤልቶ የተባለ ድርጅት መሠረቱ፤ ኦሌ ኤቪንሩድም የቀድሞ ስማቸውን ከያዘው ድርጅት ጋር ተፎካካሪ ሆኑ። በዚያው ዘመን ጆንሰን የተባሉ ወንድማማቾች ሌላ ቀላል ሞተር ይዘው ገበያውን ያጨናንቁ ጀመር። ፉክክሩ ፕሮፔለሩንም ለወጠው፤ ውሃውን እየሰነጠቀ በቀስታ ለሚሄድ ከባድ ጀልባ የተሠራው፣ በውሃው ገጽ ላይ ተንሸራትቶ ለሚበር ቀላል ጀልባ አልሆነምና፣ ለየጀልባው የተለያየ ፒች መሥራት ግድ ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ኤልቶ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። በ1929 ዓ.ም. ኤልቶ፣ የቀድሞው የኤቪንሩድ ድርጅትና ሎክዉድ የተባለው ፋብሪካ ተዋሕደው አንድ ኩባንያ ሆኑ፤ ኦሌም መሪው ሆነው ስማቸውን መልሰው አገኙ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ደረሰ። ወይዘሮ ቤስ በ1933 ዓ.ም. አረፉ። ኦሌ ኤቪንሩድም ከሚስታቸው በኋላ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው፣ በሐምሌ 1934 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ልጃቸው ራልፍ ሥራውን ተረክበው በ1936 ዓ.ም. ከጆንሰን ድርጅት ጋር አዋሐዱት። ይህ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ከሰረ፤ ስሙን የገዛው ድርጅት ደግሞ በ2020 ዓ.ም. የኤቪንሩድን ሞተር መሥራት አቆመ። በየሐይቁ ዳር የቀሩት አሮጌ ሞተሮች ፕሮፔለር ሲሰበርባቸው፣ ምትክ የሚፈልግ መካኒክ በመጀመሪያ የዘንጉን ጥርሶች መቁጠር፣ ቀጥሎ በአሮጌው ፕሮፔለር ጉብታ ላይ የተቀረጹትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ ይኖርበታል።