ተሬዛ ዘሊዝዩና ትንሹ በጎ ሥራ

በ1897 ዓ. ም. (እዚህ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አገር፥ በሊዝዩ ከተማ፥ በቀርሜሎስ ገዳም አንዲት ወጣት መነኩሲት በሳንባ ነቀርሳ ታማ ለሞት ተቃርባ ነበር። በገዳሙ ልማድ አንዲት መነኩሲት ስታርፍ የሕይወቷ ታሪክ ተጽፎ ወደ ሌሎች ገዳማት ይላካል። ከእኅቶቿ አንዷ ግን ይህች ልጅ ይህ ነው የሚባል ሥራ ስላልሠራች፥ እመ ምኔቷ ስለ እርስዋ የምትጽፈው ነገር ማጣቷ አይቀርም ብላ እንደ ተጨነቀች ይነገራል። ይህች ሥራ የላትም የተባለች መነኩሲት ተሬዛ ማርቴን ናት።

ተሬዛ በ1873 ዓ. ም. በአላንሶን ከተማ ተወለደች። አባቷ ሰዓት ሠሪ፥ እናቷም ዳንቴል እያሠራች የምትነግድ ነበረች። ተሬዛ አምስት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ሞተችባትና ቤተ ሰቡ ወደ ሊዝዩ ተዛወረ። በ14 ዓመቷ ለመመንኰስ ብትጠይቅ ዕድሜዋ እንዳልደረሰ ተነገራት። በዚያው በ1887 ዓ. ም. ከአባቷ ጋራ ወደ ሮማ ሄደች። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ፊት መናገር ተከልክሎ ሳለ፥ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ፈቃድ ለመነች፤ ዘበኞች አንሥተው እስኪወስዷትም ድረስ አልተነሣችም። በሚከተለው ዓመት፥ በ15 ዓመቷ፥ ገዳም ገባች።

እንግዲህ ተሬዛ ድፍረት ያነሳት ሰው አልነበረችም። በሩቅ አገር ወንጌልን ለመስበክ፥ ሰማዕትም ለመሆን ትመኝ ነበር። ነገር ግን የገዳሙ ሥርዐት ከቅጥር አያስወጣም። በ1896 ዓ. ም. ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ፍቅር የጻፈውን ምዕራፍ ስታሰላስል፥ ጥሪዋ ፍቅር መሆኑን ተረዳች። ፍቅር ደግሞ የሚፈተነው አጠገብ ባለው ሰው ነው።

በገዳሙ አንዲት ሕመምተኛና ነጭናጫ አሮጊት ነበረች። ማታ ማታ ከጸሎት ቤት ወደ መመገቢያ ቤት የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ተሬዛ በፈቃዷ ይህን ሥራ ያዘች። ከኋላ መቀነቷን ይዛ ስትደግፋት፥ ብትፈጥን ቍጣ፥ ብትዘገይም ቍጣ ነበር። አሮጊቷ ዳቦ መቍረስ እንደሚያስቸግራት ባየች ጊዜ ግን፥ ማንም ሳያዛት፥ ዳቦውን እየቈረሰችላትና ፈገግ እያለችላት ትሄድ ጀመር።

ሌላዋ መነኩሲት ደግሞ ጠባይዋ በጠቅላላው ለተሬዛ የማይስማማት ነበረች። ተሬዛ ጥላቻው ከልቧ አልጠፋ ቢላት በሥራ ታገለችው። ባገኘቻት ቍጥር ትጸልይላት፥ ትረዳት ነበር፤ ክፉ መልስ ሲመጣባትም ፈገግ ትል ነበር። ያች እኅት በመጨረሻ ተሬዛ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት መስሏት፥ ምን እንደ ሳባት ጠየቀቻት።

ይህ ማስመሰል ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አስመሳይ ጥቅሙን ይፈልጋል፤ ተሬዛ ከዚህች ሴት የምታገኘው ጥቅም ምን ነበር?

ከዚህ የከበደ ፈተና ቀርቷት ነበር። በ1896 ዓ. ም. የስቅለት ዕለት ደም ተፋች። ወዲያው በፋሲካ ሰሞን ነፍሷን ጨለማ ወረሳት፤ መንግሥተ ሰማያት መኖሩ እንኳ ያጠራጥራት ጀመር። ጨለማው እስከ ሞቷ ድረስ አልተለያትም። ትንሹን ደግነት ግን አላቋረጠችም። በሐሳቧ ማየት ያቃታትን እምነት በእጇ ሥራ ጠበቀችው።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1897 ዓ. ም. በ24 ዓመቷ ዐረፈች። በሚከተለው ዓመት የሕይወቷ ታሪክ በ2,000 ቅጂ ታተመ፤ ጥቂት ቈይቶም በብዙ ቋንቋ ተነበበ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1925 ዓ. ም. ቅድስት፥ በ1997 ዓ. ም. ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብላ ሰየመቻት።

እኛ ተማሪዎች ስለ ሕዝብ ፍቅር ስንከራከር እናመሻለን። ሕዝብ ብዙና ሩቅ ስለ ሆነ አይነጫነጭብንም፤ አልጋው ከአልጋችን አጠገብ ያለው ጓደኛ ግን ያንኰራፋል፥ የተዋሰውን መጽሐፍ ሳይመልስ ይቈያል፥ ሲታመምም ውኃ የሚያቀብለው ይፈልጋል። በላዔ ሰብእን ጥርኝ ውኃ እንዳዳነው ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። እርሱ ያጠጣው አንድ ቀን ነው፤ ተሬዛ ግን ያንኑ ጥርኝ ውኃ ማታ ማታ፥ ለማታመሰግን ሰው ስታቀብል ኖረች።