ካሎሪ የለካው ሰው

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ እህቴ ብስኩት ከመብላቷ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን ካሎሪ ማንበብ ጀምራለች። ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ሳነብ ዊልበር አትዋተርን አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1844 ኒውዮርክ ግዛት የተወለደ ኬሚስት ነው። በ1890ዎቹ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ሠራ፤ ሰው ለቀናት ተዘግቶባት ይበላል፣ ይተኛል፣ የቆመ ብስክሌት ይነዳል፣ የሰውነቱ ሙቀት ይለካል። (ፈቃደኛ መገኘቱ ይገርማል!) ዛሬም ለአንድ ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ ለስብ 9 ካሎሪ የምንለው ከእሱ ወስደን ነው። ለድሃ ቤተሰብ ሲመክር ግን አትክልትና ፍራፍሬ ለዋጋቸው የሚሰጡት ጉልበት ትንሽ ነው ብሎ ባቄላና ዱቄት ያስመርጥ ነበር። ቪታሚን መቼ ታወቀና! እሱ በ1907 ሞተ፣ ስሙ እንኳ የወጣለት በ1912 ነው። ይህን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። ብርቱካን ስትልጥ ስንት ካሎሪ እንዳለው መጠየቋ ግን አልቀረም።