ለእስረኛ ሥራ ዋጋ የቆረጠው መርከበኛ

እስረኛ እንዲሠራ ቢገደድ የድካሙ ዋጋ ለማን ይገባል? ከዋጋውስ ለቀለብና ለጥፋት ምን ያህል ይቀነሳል? ይህ ጥያቄ ዛሬም በብዙ አገር የሕግ ሰዎችን ያከራክራል። ነገሩን በጽሑፍ ብቻ ሳይወስኑ በሥራ ሊፈትኑት ከደፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ካፒቴን አሌክሳንደር ማኮኖኪ ነው።

ማኮኖኪ በ1787 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ ያሳደገው አንድ ዘመዱ ነው። በ1803 ወደ ባሕር ኃይል ገባ። በ1811 መርከቡ በሆላንድ ጠረፍ ላይ አደጋ ስለ ደረሰባት ተማርኮ እስከ 1814 ድረስ በፈረንሳይ አገር በቬርደን ታሰረ። ስለ እስር ቤት መሻሻል ከጻፉት ሰዎች መካከል እስራትን በገዛ ሰውነቱ የቀመሰ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ በ1833 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚሁ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያውቁት የካርታ ሰዎች ብቻ በሆኑ ነበር።

ነገር ግን በ1836 የአገረ ገዥው የሰር ጆን ፍራንክሊን ጸሐፊ ሆኖ ዛሬ ታዝማንያ ወደምትባለው ደሴት ሄደ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ወንጀለኞችዋን በመርከብ እየጫነች ወደ አውስትራልያ ትልክ ነበር። ብዙዎቹ ለባለ ርስቶች ይታደሉና ያለ ደመወዝ፣ ለቀለብና ለልብስ ብቻ ያገለግሉ ነበር። ማኮኖኪ ይህ አሠራር ከባርነት ብዙ እንደማይርቅ፣ ባሪያውንም ጌታውንም እንደሚያበላሽ ጻፈ። ጽሑፉ በ1838 በለንደን ታትሞ በወጣ ጊዜ ባለ ርስቶቹ ተቈጡ፤ እርሱም ከሥራው ተሰናበተ።

ያሰበው ይህ ነው፤ ፍርድ በዓመት መቈጠሩ ቀርቶ በሥራ ይቈጠር። ተማሪ በፈተና እንደሚያገኘው ዓይነት ማርክ ለእስረኛው ይመዝገብለት። የሰባት ዓመት ፍርደኛ 6,000፣ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 10,000 ማርክ ዕዳ አለበት። የተለመደው የቀን ሥራ 10 ማርክ ያስገኛል፤ ከዚህ ላይ የምግቡ ዋጋ ይቀነሳል፤ ተራው ምግብ 3፣ የተሻለው 4፣ ጥሩው 5 ማርክ ነው። ጥፋትም በጅራፍ ፋንታ በማርክ ይከፈላል። በቀላል ሒሳብ በቀን 3 ማርክ የሚበላ የሰባት ዓመት ፍርደኛ ዕዳውን በ860 የሥራ ቀን ገደማ ሲጨርስ፣ 5 የሚበላው 1,200 ቀን ያስፈልገዋል። ምርጫው የእስረኛው ነው። በኋላም ጥቂት ጥቂት ሰዎች በአንድነት ተቧድነው የአንዱ ጥፋት ከሁሉም ሒሳብ እንዲቀነስ ይደረጋል፤ በዚህስ ብዙ አንባቢ የሚስማማ አይመስለንም።

በመጋቢት 1840 ከአውስትራልያ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኖርፎልክ ደሴት አዛዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያ የነበሩት አብዛኞቹ በግዞት ሳሉ እንደገና ወንጀል የሠሩ ሲሆኑ በጅራፋቸውና በመስቀያቸው የታወቁ ነበሩ። ማኮኖኪ መስቀያውን አፈረሰ፤ መጻሕፍትና የሙዚቃ መሣሪያ አስመጣ፤ አትክልት የሚተክሉበትም መሬት ሰጣቸው። በግንቦት ወር በንግሥት ቪክቶሪያ የልደት በዓል በሩን ከፈተላቸውና ቀኑን ሙሉ በደሴቲቱ ሲዘዋወሩ፣ ቲያትር ሲያሳዩ ዋሉ፤ ማታ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ወደየማደሪያቸው ተመለሱ።

በሲድኒ ግን ወሬው እንደ እብደት ተቈጠረ። የኒው ሳውዝ ዌልስ አገረ ገዥ ጂፕስ ማርኩ ከእንግሊዝ በቀጥታ ለመጡት ብቻ እንዲሆን አስቀድሞ አዝዞ ነበር፤ ማኮኖኪ ለሁሉም አደረገው፤ ትእዛዙም ተደገመ። ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ማኮኖኪ ማርክ መመዝገብና መቀነስ ይችላል፤ እስረኛን የመልቀቅ ሥልጣን ግን አልነበረውም። ሰውየው ከጉሮሮው ቀንሶ ያጠራቀመው ሒሳብ ነፃነት ሊገዛለት ካልቻለ ምን ዋጋ አለው? መዝገቡን የያዘው አንድ እጅ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ እጅ ሆነና ሁለቱ ሳይስማሙ ቀሩ። ጂፕስ በ1843 ደሴቲቱን በዓይኑ አይቶ ከጠበቀው የተሻለ ሥርዓት ማግኘቱን መሰከረ፤ ዳሩ ግን ማኮኖኪን የሚሽረው ትእዛዝ ከለንደን አስቀድሞ ወጥቶ ነበር።

በ1844 ደሴቲቱን ለቀቀ። በ1849 በበርሚንግሃም የወህኒ ቤት ኃላፊ ቢሆንም በ1851 ከዚያም ተሰናበተ። በጥቅምት 1860 በሞተ ጊዜ አየርላንድ ውስጥ ዋልተር ክሮፍተን የማርኩን ሒሳብ ተቀብሎ ይሠራበት ነበር፤ በዚያ ማርኩን የሞላ እስረኛ በእርግጥ ቀኑ ሳይደርስ ይለቀቅ ነበር።