ዶክቶር ቻርልስ ዶተርና የጠበበው የደም ቧንቧ

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያደግን ተማሪዎች የቧንቧን ነገር እናውቃለን። ከገፈርሳ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ውሃ ቧንቧው በዝገት ከጠበበ ከታሰበበት ቤት አይደርስም። የሰውም ደም እንዲሁ ነው። የእግር ደም ቧንቧ ሲጠብ እግር ይቀዘቅዛል፥ ይቈስላል፤ ሲብስም ይቈረጣል። ይህን መከራ ያለ ቢላዋ ለማቅለል የደከሙትን ሰው ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዶክቶር ቻርልስ ዶተር በ1920 በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ ተወለዱ። በ1952 በኦሬጎን የሕክምና ትምህርት ቤት የራጅ ክፍል ኀላፊ ሆኑ፤ ዕድሜያቸው ገና 32 ነበር። በጥር 1964 እግራቸው መበስበስ የጀመረ አንዲት የ82 ዓመት ባልቴት መቈረጡን እምቢ ብለው ለርሳቸው ደረሱ። ዶክቶሩም በጠበበው ቧንቧ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፈው፥ በሽቦው ላይ ቱቦ እየገፉ መንገዱን ከፈቱት። ባልቴቷም በቀራቸው ዕድሜ በገዛ እግራቸው ሄዱ። ሆኖም ብዙ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ዶተርን እንደ እብድ ቈጠሯቸው።

ዶተር ግን ሌላ ጭንቀት ነበረባቸው። የተከፈተው ቧንቧ መልሶ እንዳይጠብ ከውስጥ የሚደግፈው ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዛሬ ስቴንት የሚባለው ነው። ከምን ይሠራ? መልሱን በሰው ላይ አልፈለጉም። በውሾች የእግር ደም ቧንቧ ውስጥ ሁለት ዓይነት አስገብተው አወዳደሩ። ድፍኑ የፕላስቲክ ቱቦ ባንድ ቀን ውስጥ በረጋ ደም ተዘጋ። እንደ ሞላ የተጠቀለለው የማይዝግ ብረት ሽቦ ግን ከ2 ዓመት በላይ ደም ሲያሳልፍ ተገኘ። ይህንንም በ1969 አሳተሙ። ፕላስቲኩ በቀጥታ ለሰው ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ የስሕተቱ ዋጋ የበሽተኛው እግር በሆነ ነበር።

በ1978 ለኖቤል ሽልማት ታጩ፤ ነገር ግን አላገኙም። በ1985 ዐረፉ። በዓመቱ በ1986 በፈረንሳይ፥ በቱሉዝ ከተማ፥ ስቴንት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው የልብ ደም ቧንቧ ውስጥ ገባ። ዶተር ይህን ሳያዩ ቀሩ።

ከእኛ መካከል የሰውን ሕክምና የሚያጠኑ፥ የእንስሳቱን ክፍል ተማሪዎች በቀልድ ዝቅ የሚያደርጉ አይጠፉም። በሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ደጃፍ ስናልፍ ግን ይህን እናስብ፤ ዛሬ በብዙ ሰዎች ልብ ውስጥ ላለው ስቴንት መነሻ የሆነው ጥቅልል ሽቦ አስቀድሞ የተፈተነው በውሻ እግር ነው።